የ«ሦስቱ ነዶ» ጥቁር ጣራ

ኮልድዌል መንደር፣ ሄሪፎርድሺር
ማርች 4 ቀን 1961

ለተከበሩ አጎቴ አምብሮስ ፕሮበርት
ሆባርት፣ ታዝማኒያ

ከማያውቋት የሥጋ ዘመድዎ የተላከች ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና ታግኝዎ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ሄስተር እባላለሁ፤ የዊልፍሬድ ልጅ ነኝ። አባትዎና አያቴ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ስለዚህ እርስዎ የአባቴ የአጎት ልጅ ይሆናሉ ማለት ነው። አድራሻዎን የሰጡኝ ቄሳችን ናቸው፤ እርስዎ በየገናው ካርድ ይልኩላቸዋል አሉ። ታዲያ ለእኛ ቤት ለምን አይልኩም ብዬ ብጠይቃቸው «እሱን እሱው ይንገርሽ» ብለው ወሬ ቀየሩብኝ።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ሕመም አረፈ። ከዚያ ወዲህ «ሦስቱ ነዶ»ን የማስተዳድረው ብቻዬን ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጠጥ ቤቱ ቤት አልሆነም። የሣር ክዳኑ ያፈሳል፤ ወለሉ ዘሟል፤ የሰሜኑ ግድግዳ ሆዱን ገፍቶ እርጉዝ መስሏል። ጠጪ ቢባል ስድስት ሽማግሌና አንድ ውሻ ነው፤ ከሁሉም ደህና ጠባይ ያለው ውሻው ነው።

አሁን አዲሱ አስፋልት በመንደራችን አጠገብ ሊያልፍ ስለሆነ ሚስተር ክሌይተን የሚባሉ ነጋዴ ቤቱን አፍርሰው የቤንዚን ማደያ ሊያቆሙበት ይፈልጋሉ። እኔም ከባሕሩ አጠገብ ከምትኖር ጓደኛዬ ጋር የቀረ ዕድሜዬን እግሬን ዘርግቼ ልኖር አስቤያለሁ። ነገር ግን የቤቱ ውል እስከ ዛሬ በሁለቱ ወንድማማቾች ስም ስለሆነ፣ ጠበቃው ያለ እርስዎ ፊርማ አይሸጥም አለኝ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በዳኛ ፊት ፈርመው እስከ ሜይ መጨረሻ ቢመልሱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ
ሄስተር ፕሮበርት


ሆባርት
ማርች 29 ቀን 1961

ለልጄ ለሄስተር

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናውን ያብዛልሽ፤ ጣራሽ እስኪጠገን ዝናቡን ያቅልልሽ። እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም ለሰባ ዓመት ሰው ደህና ነኝ። አጎትሽ እንኳ አይደለሁም፤ ግን «አጎቴ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደስ ስላለኝ አታርሚው።

የዊልፍሬድን ማረፍ ሳነብ የያዝኩትን መሣሪያ አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ነፍሱን ይማር። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ከዕቃ ቤቱ በላይ ወደ ቆጡ የምታስገባው ትንሽ በር አሁንም አለች? ካለች ባትሪ ይዘሽ ውጪ። የጣራውን ወጋግራ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና ጨርቁን ተመልከቺው። ከዚያ ደግሞ የጭስ ማውጫውን ጡብ እዪልኝ። የጣራው እንጨት ጡቡ ላይ ተደግፏል ወይስ ሳይነካው በጎኑ ያልፋል? ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ጀልባ ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እንጨት ሲያረጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ወረቀቱ ደርሶኛል።

ያንቺው
አምብሮስ


ኮልድዌል
ኤፕሪል 19 ቀን 1961

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላም ካሉበት ይድረስዎ፤ ጉልበትዎንም ያበርታልኝ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ፊርማ ብለምን የቤት ሥራ ተላከልኝ! ደብዳቤዎን ለጠጪዎቹ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ኸርበርት ግዊሊም ከትከት ብሎ ሳቀ። መቃብር ቆፋሪያችን ነው፤ ከአምብሮስ ጋር አንድ ክፍል ተምረናል ይላል።

«ውጪና እዪዋ! ምን ያስፈራሻል?» አለኝ።

«አንተ ለምን አትወጣም?»

«የእኔ ሥራ ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ላይ አይደለም።»

እሑድ ከጸሎት መልስ ወጣሁ። አርባ ስምንት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር ቆጡ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ አባቴ አይፈቅድም ነበር። የሸረሪቱን ድር በመጥረጊያ እየገፋሁ ሄጄ ጨርቁን አንዴ ወጋግራው ላይ ባሳርፈው ጥቁር! አጎቴ፣ የአቧራ ጥቁር እንዳይመስልዎ። ጥቀርሻ ነው፤ እንደ ቅጥራን የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍሬ ስፍቀው ቅርፊት እየሆነ የሚነሣ። ደግሞ እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ የክዳኑ የታችኛው ሣር ራሱ ከሰል መስሏል። ትንሽ ቆንጥሬ ባሸተው ጭስ ጭስ አለኝ። ጡቡም እንደጠረጠሩት ነው። እንጨቱ በጎኑ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ከጡቡ ጀርባ፣ እሳት በማይደርስበት በኩል ያለው እንጨት ሳይቀር ጠቁሯል!

ስወርድ ኸርበርት ፊቴን አይቶ «አርባ ዓመት ሰው ስቀብር እንዲህ የጠቆረ አላጋጠመኝም» አለ።

ይህ ምን ማለት ነው? ቤቱ ተቃጥሎ ያውቃል? ባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ብርጭቆ እያጠብኩ እንኳ ወደ ጣራው አንጋጥጣለሁ። የወረቀቱንም ነገር አደራ፤ ሚስተር ክሌይተን በየሳምንቱ ይመጣሉ።

ሄስተር


ሆባርት
ሜይ 10 ቀን 1961

ልጄ ሄስተር ሆይ

እጆችሽ ይባረኩ! የያዙት ጥቀርሻ ሳይቀር ይባረክ! ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ሰው «ምነው፣ ደህና ነዎት?» እስኪለኝ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ቤቱ አልተቃጠለም። ጭስ ማውጫ አልነበረውም! መጀመሪያ ሲሠራ አሁን መጠጫ ክፍሉ፣ ዕቃ ቤቱና ፎቁ የሆነው ሁሉ አንድ አዳራሽ ነበር፤ ከወለሉ እስከ ጣራው ጫፍ ክፍት። እሳቱ መሐል ወለሉ ላይ ይነድዳል፤ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ይሄዳል። ሰዉ ከሥር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨቃጨቃል። መቶ ዓመትም ይሁን ከዚያ በላይ እንዲህ ኖሩ። አንቺ በጥፍርሽ የፋቅሽው የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ራት ጭስ ነው። በኋላ አንዱ ባለቤት ሰለጠንኩ ብሎ የጡብ ጭስ ማውጫ አስገባ፤ መሐሉን ፎቅ አደረገው፤ ጥቁሩ ጣራም ከላይ ተከደነና ተረሳ። ጡቡ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከእንጨቱ ጋር የማይነካካው ለዚህ ነው። ዕድሜውን ገምት ብትዪኝ አምስት መቶ ዓመት እልሻለሁ።

አሁን ወደዚያ ወደ እርጉዙ ግድግዳ ሂጂ። ከልስኑ ሥር ከመሬት ተነሥቶ እየጎበጠ እስከ ጣራው ጫፍ የሚደርስ ትልቅ የኦክ ግንድ አለ። የዚያን ዘመን አናጢዎች ጎባጣ ዛፍ ከጫካ መርጠው ለሁለት ይሰነጥቁትና ሁለቱን ግማሾች ፊት ለፊት ያቆሟቸዋል፤ ጸሎት ላይ እንደተገጠሙ መዳፎች ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። ቤቱን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ግድግዳው ሆዱን ቢገፋ፣ ቢፈርስም እንኳ፣ ጣራው አይወድቅም!

ከበርሜሉ መደርደሪያ በስተግራ፣ ከወለሉ ሁለት ክንድ ከፍ ብለሽ ልስኑን አንሺ። በመዶሻ እንዳይሆን! በቢላዋ ጫፍ፣ ቀስ ብለሽ።

ስለ ወረቀቱ እያሰብኩበት ነው።

አምብሮስ


ኮልድዌል
ጁን 2 ቀን 1961

አጎቴ! አጎቴ! አለ!

ሰላምታውን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሰላምና በረከት ይብዛልዎ። ግን አለ!

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ሁሉም እያየኝ ነው ግድግዳውን የከፈትኩት። ኸርበርትና ገበሬው ፕሮሰር አንድ አንድ ብርጭቆ የፖም ጠጅ ተወራረዱ።

«ከዚያ ውስጥ የሚወጣው አይጥ ነው» አለ ፕሮሰር።

«አይጡ ከወጣም አንተን አይቶ ይመለሳል» አለው ኸርበርት።

መጀመሪያ ቀለሙ ተነሣ፤ ንብርብሩን ብቆጥር ሰባት። ቀጥሎ ልስኑ እንደ ብስኩት እየተሰበረ ወረደ። ከሥሩ ማገርና ጭቃ ወጣ፤ ጭድና የላም ፀጉር የተቦካበት ጭቃ። አጎቴ፣ እዚያ ጭቃ ላይ የመራጊው ጣቶች አሉ! ልስኑ እንዲይዝለት ብሎ ጭቃው ሳይደርቅ በአራት ጣቱ ከላይ ወደ ታች ቧጭሮታል። ጣቶቼን ባስገባቸው ልክክ አሉ። አምስት መቶ ዓመት! ፀጉሬ ቆመ። «ይህን የመረገች ሴት ናት» አልኩ።

«ትንሽ እጅ ያለው ወንድም አለ» አለ ኸርበርት።

«ዝም በል አንተ፤ ተዋት ሴትዮዋን» አለው ፕሮሰር። ውርርዱን የረሳ ይመስለኛል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከጭቃው አጠገብ ግንዱ ወጣ። ቢላዋዬ ተጣመመ እንጂ አልበጣውም። ላዩ ላይ በመሮ የተቆረጡ ሦስት ጭረቶች አሉ፤ ከእሱ ጋር በሚጋጠመው አግዳሚ ላይም ሦስት ጭረት። በአውራጃችን አሮጌ ቤቶችን የሚመዘግቡት ሚስ ፌንዊክ በሞተር ብስክሌት መጥተው ነገሩን አስረዱኝ። አናጢዎቹ ቤቱን መጀመሪያ መሬት ላይ አስተኝተው ይገጥሙታል፤ ከዚያ የትኛው ከየትኛው እንደሚገባ እንዳይጠፋቸው ቁጥር ይቆርጡበትና መንደሩ ሁሉ በገመድ ጎትቶ ያቆመዋል። ሴትየዋ ሲለኩ ውለው፣ ቆጡ ላይ በደረታቸው ተስበው፣ ሲወርዱ ከኸርበርት ጋር ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። «እድሜውን አሳንሶ ነው የገመተልሽ፣ አጎትሽ» አሉኝ!

ወሬው በየመንደሩ ደርሷል። ባለፈው ቅዳሜ ወንበር ጠፍቶ ሰው በርሜል ላይ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። እርስዎ ባሉኝ ቦታ ላይ መዳፍ የምታክል ቀዳዳ ከዚህ በፊት ተቦርቡራ ተደፍናለች። ውስጧ የ1911 ጋዜጣ ተጠቅጥቆባታል። ኸርበርት ጋዜጣውን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «አምብሮስን ጠይቂው» አለኝ። ቄሱም እንዲያ፣ ኸርበርትም እንዲያ! ቦታውን በክንድ ለክተው ሊነግሩኝ የቻሉት እንዴት ነው?

ሚስተር ክሌይተን ከጁላይ አጋማሽ በኋላ አልጠብቅም ብለዋል።

ሄስተር


ኮልድዌል
ጁን 28 ቀን 1961

ለተከበሩ አጎቴ

ጤና ይስጥልኝ። ፖስተኛው ሲያልፍ በሩ ላይ መቆም ጀምሬያለሁ። ታመው ነው? ወይስ ጥያቄዬ አስከፋዎት? ካስከፋዎት እተወዋለሁ።

ጓደኛዬ የእኔን ክፍል ቀለም ቀብታ መጨረሷን ጽፋልኛለች። ምን እንደምመልስላት አላውቅም። እርስዎም ዝም አሉ።

ሄስተር


ሆባርት
ጁላይ 6 ቀን 1961

ለልጄ ለሄስተር

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፍልኝ። አልታመምኩም፤ ፈርቼ ነው። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ቀዳዳዋን የቦረቦርኳት እኔ ነኝ። ኦገስት 1911 ነው፤ ዊልፍሬድ ሊያገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናትሽ የከተማ ልጅ ናት። ቤቱ የከብት በረት እንዳይመስላት ብሎ የብርዱን ወራት በሙሉ በገዛ እጁ ግድግዳውን ሲለስን ከረመ፤ ነጭም ቀባው። እንደ እንቁላል ነበር የሚያበራው። እኔ የሃያ ዓመት አናጢ ነኝ፤ ከልስኑ ሥር ምን እንዳለ ካላየሁ ምግብ አልበላ አለኝ። ዊልፍሬድ ገበያ በሄደበት ቀን መሮዬን ይዤ ግድግዳውን ወጋሁት። ግንዱን አየሁት!

ሲመለስ በር ላይ ተቀብዬው «ና እይ! ና እይ!» እያልኩ እጁን ጎተትኩት። እሱ ያየው ቀዳዳውን ነው። በጥፊ መታኝ። እኔም ስለ እናትሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልጽፈው የማልደፍረውን ቃል ተናገርኩ። ኸርበርት እዚያ ነበር፤ ሰምቷል። በማግስቱ ወጥቼ ሄድኩ። ዊልፍሬድ ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ። ሁለቱንም አልመለስኩለትም። ጥፊው የአንድ ቀን ነበር፤ ዝምታው የሃምሳ ዓመት ሆነ፤ ዝምታው ደግሞ የእኔ ነው።

ወረቀቱ ተፈርሞ ይኸውልሽ። በዳኛ ፊት የፈረምኩት በኤፕሪል ነው፤ ቀኑን ታዪዋለሽ። መሳቢያዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት ቤቱን ፈልጌ አይደለም። ፊርማው ከደረሰሽ መጻፍ የምታቆሚ መሰለኝ። ሕይወትሽን ይዤ ማቆየቴ በደል ነው፤ ይቅር በይኝ። ብትሸጪው አልቀየምሽም። ያን ሁሉ ዓመት በርሜል ስታንከባልይ የኖርሽው አንቺ ነሽ።

አምብሮስ


ኮልድዌል
ጁላይ 20 ቀን 1961

ለውድ አጎቴ

ሰላምታዬ ከሙሉ ልቤ ይድረስዎ፤ እግዚአብሔር ያኑርልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰው ባለፈው ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሚስተር ክሌይተን ከጠበቃቸው ጋር ተቀምጠው አይብና ዳቦ ሲበሉ ነው። ዕቃ ቤት ገብቼ አነበብኩት። አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

«መጣ?» አሉኝ።

«መጣ።»

«ተፈርሟል?»

«ተፈርሟል።»

«እንግዲያው ብዕር ይኸው።»

ብዕሩን ተቀበልኩ። እውነቴን ነው፣ ልፈርም ነበር። ግን እጄ ጠረጴዛው ላይ እያለ «መጀመሪያ እጅዎን ያውሱኝ» አልኳቸውና ወደ ግድግዳው ወሰድኳቸው። ጣቶቻቸውን የመራጊዋ ጣቶች ላይ አሳረፍኳቸው። እንደ እኔ ፀጉራቸው ይቆም እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር።

«ጭቃ ነው» አሉና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ስሚ ሴትዮ፣ ሰው የሚፈልገው ቤንዚን ነው፤ ጥቀርሻ አይደለም።»



«አልሸጥም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም እንደ ሌላው ሰው ነው የሰማሁት።

«ይቆጭሻል!»

«ሊቆጨኝ ይችላል።»

ሰውየው ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ የተነሣውን ጩኸት ምን ብዬ ልጻፈው! ፕሮሰር ጠረጴዛ እየደበደበ «የክዳኑን ሣር እኔ እችላለሁ! ከዘንድሮው ስንዴ አገዳው ሳይሰበር በእጅ አሳጭድልሻለሁ!» አለ። ኸርበርት ባርኔጣውን አንሥቶ ውሻው ላይ ደፋው። ሚስ ፌንዊክም ቤቱ በአሮጌ ቤቶች መዝገብ እንዲገባ አመልክተዋል።

ሁሉ ነገር ሰመረ ብዬ አልዋሽዎትም። ጣራው ዛሬም ያፈሳል። ጓደኛዬ ስድብ የሞላበት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ መጨረሻው ላይ ግን «ይህን ጭቃሽን በኦክቶበር መጥቼ አየዋለሁ» ትላለች። የፈረሙትን ወረቀትም አልቀደድኩትም። የዘንድሮው ብርድ ምን ያህል እንደሚከፋ ማን ያውቃል።

አሁን ስለ አባቴ አንድ ነገር ልንገርዎ። ግድግዳውን በቀባ ቁጥር ያችን ቦታ በመዳፉ ይዳስሳት ነበር። እርጥበት እየፈለገ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ «ምን አለ እዚያ?» ብዬ ብጠይቀው «ትክክል ነበር» አለኝና ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ማን ትክክል እንደነበር አልጠየቅኩትም። አሁን ገባኝ።

የግንዱ ሁለተኛ ግማሽ በደቡቡ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ገና አልተከፈተም። ሚስ ፌንዊክ ዓርብ ዕለት ሊከፍቱት መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ማንም አይነካውም አልኳቸው። የሚከፍተው ሰው አለ።

ይምጡ፣ አጎቴ።

ልጅዎ
ሄስተር


ሆባርት
ኦገስት 3 ቀን 1961

ልጄ ሄስተር

ያስደሰትሽኝን ያህል እሱ ያስደስትሽ። አጭር ደብዳቤ ነው፤ ሻንጣዬ መሐል ወለል ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

ትኬት ቆርጫለሁ። መርከቧ ኦገስት 14 ትነሣለች። ሐኪሜ «በዚህ ዕድሜ?» አለኝ፤ «ታዲያ በየትኛው ልሂድ?» አልኩት። ጎረቤቶቼ ያበድኩ መስሏቸዋል፤ ገበያ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ጥቀርሻ ሳስረዳ ነው የምውለው።

«ትክክል ነበር» ያለውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሴፕቴምበር 29፣ ዓርብ፣ በቀትሩ ባቡር ሄሪፎርድ ጣቢያ እደርሳለሁ። ረጅም፣ መላጣ፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ ካየሽ እኔ ነኝ። ቤት ከመግባታችን በፊት ወደ ዊልፍሬድ መቃብር ውሰጂኝና ጥቂት ብቻዬን ተዪኝ። ለሁለቱ ደብዳቤዎቹ መልሱን ጽፌ ይዤለታለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ደቂቃ አላባክንም። መሮዬን ዛሬ ጠዋት ስያለሁ።

አምብሮስ